ገብታ የቀረች ቅንጣት

ሰኞ ማታ

ዝናቡ ዛሬ ገባ። አለቃችን ሁላችንንም ሰብስበው፣ «ክረምቱ ሳይወጣ የመስኮቱ ውጤት ከእጃችን መውጣት አለበት፤ ያለቀለት ነገር ነው» አሉ። ያለቀለት አሉት እንጂ ገና አልተጀመረም።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ወደ ጠፈር የሚወጣ መንኮራኩር መስኮት አለው። እዚያ ላይ የሚከንፍ ብናኝ ደግሞ አለ፤ መጥቶ መስታወቱን ይመታዋል። ምን እንደሚያደርገው ለማወቅ እኛ እዚህ መሬት ላይ ሆነን እንተኩሳለን። አየሩ ተመጥጦ በወጣ ረጅም ቱቦ ውስጥ፣ ከዱቄት ብዙም የማትበልጥ የብረት ቅንጣት ጥይትን ብዙ እጥፍ በልጣ ትበራለች። የሚተኩሰውን ባልደረባዬን «መድፈኛው» እንለዋለን። ዝንብ እንኳ ገድሎ አያውቅም። እሱ ይተኩሳል፤ እኔ የተመታውን መስታወት ማይክሮስኮፕ ሥር አስገብቼ ጠባሳውን አያለሁ።

ያስቸገረኝ የመስታወቱ ማቀፊያ ነው። ፊት ለፊት ብቻ ነው የሚይዘው። እኔ ዘንበል አድርጌም ማስተኮስ እፈልጋለሁ፤ ብናኝ እንደ እንግዳ በር አንኳኩቶ በፊት ለፊት አይመጣም። የግዢ ክፍሉን ብጠይቅ «ሲመጣ ይመጣል» አሉኝ። ጋሼን ልለምነው ነው።

ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ወንድም ብቻ ማለት ግን ያንሰዋል። ወላጆቻችን ሲሞቱ እሱ ትምህርቱን አቋርጦ ብረት ቤት ገባ፤ እኔ አላቋረጥኩም። ዛሬም ከእሱና ከሚስቱ ከእትዬ ጋር እኖራለሁ። እምቢ ብሎኝ አያውቅም፤ ልመናው ለወግ ያህል ነው።

ቅዳሜ

ማቀፊያው ተሠራልኝ! ከምሳ በኋላ ብረት ቤቱ ሄጄ፣ አጠገቡ ቆሜ አስጨረስኩት። መጨረሻ ላይ አንዷ ማያያዣ ፒን ተነክሳ አልወጣ አለች። ጋሼ «ሰኞ በመሰርሰሪያ አወጣታለሁ» አለ።

«ሰኞማ ተኩስ አለን ጋሼ። በናትህ አሁን።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?» አለና መሮውን ደግኖ በመዶሻ ሁለት ሦስቴ አላት። ወጣች። ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። ምነው ስለው፣ «ብናኝ ነው። ደሞ ብናኝ ያንቺ ሥራ አይደል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ውኃ ረጨት አደረገበት፤ አለቀ።

ማቀፊያው እንዴት እንደሚያምር! መከላከያ መነጽሩ አፍንጫዬ ላይ ምልክት ጥሎብኛል። ቤት ስገባ እትዬ «ማን ነከሰሽ?» አለችኝ።

ማክሰኞ

ዛሬ ስንተኩስ ዋልን። ሁለት ተኩስ ባከነ። እግሬ አለቀ። ማቀፊያው ንቅንቅ አይልም፤ መድፈኛው «ወንድምሽን እዚህ እንቅጠረው» አለ።

የጋሼ ቀኝ ዓይን ጠዋት ቀልቶ ነበር። ማታ ስመለስ ተኝቷል።

ኃሙስ ማታ

የዛሬውን መጻፍ አለብኝ፤ ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ቀስ ብላ የምትመጣ ቅንጣት መስታወቱን ነክታ ትመለሳለች፤ ቢበዛ ቀለበት የመሰለች ስንጥቅ ትተዋለች። ፈጠን ያለችው ቅርፊት ታነሳለች፤ የሲኒ አፍ እንደሚሸረፈው። እኛ የምንተኩሳት ግን ሌላ ናት። ስታርፍ ራሷም መስታወቱም ለቅጽበት ይቀልጣሉ። መሀሉ ላይ ከንፈሩ የለሰለሰ ጉድጓድ ይቀራል፤ ዙሪያውን የተፈረካከሰ ነጭ አበባ ይከበዋል፤ ከአበባው ወዲያ ስንጥቆች እንደ ሸረሪት እግር ይዘረጋሉ። ቅንጣቷ በዓይን አትታይም፤ ጠባሳዋ ግን በጣት ይዳሰሳል።

አለቃችን የጠባሳውን ስፋት ብቻ ለክተን እንድንጨርስ ይፈልጋሉ። እኔ «መስታወቱ ተቆርጦ ከጎን ይታይ፤ ከላይ የምናየው አፉን ነው እንጂ ሆዱን አይደለም» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሆድ ሆድ ስትይ ክረምቱ ያልቃል።»

«ሰው የሚቀመጥበት መስኮት እኮ ነው።»

«ለዚህ ነው በጊዜ የሚደርሰው» ብለው ወጡ። ሲቆጡ በሩን ቀስ አድርገው ነው የሚዘጉት። ያ ይብሳል።

ቤት ስገባ ጋሼ ገና አልተኛም ነበር። «እንዴት ነው ዓይንህ?» ብዬ ጠየቅኩት መሰለኝ። ጠይቄያለሁ። «ድሮ ዳነ» አለኝ።

እሑድ

ብዙ ቀን ሳልጽፍ ከረምኩ። ከተኩስ ወደ ማይክሮስኮፕ፣ ከማይክሮስኮፕ ወደ አልጋ። ዛሬ ከስንት ጊዜ በኋላ ሦስታችን አብረን ምሳ በላን። ጋሼ ውኃ ሲቀዳልኝ ከብርጭቆው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰው። እትዬ «የት እያየህ ነው?» ስትለው «ከምሁር ጋር ስቀመጥ እደናገጣለሁ» አለ። ሳቅን። ከዚያ እኔ ስለ መቁረጫው ማሽን አወራሁ፤ አሁን ሳስበው ምሳውን ሙሉ እኔ ነበርኩ ያወራሁት።

ደክሞታል። ክረምት ሲሆን በር የሚያሠራ ሰው ይበዛል።

ረቡዕ፣ በምሳ ሰዓት

አለቃችን ስልክ ላይ ስለ እኔ ሲያወሩ ሰማሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። «ጎበዝ ልጅ ናት። ችግሯ ቅንጣት ስታይ ተራራ ይጋረድባታል» አሉ።

ምን ማለታቸው ነው? ቅንጣት ማየት እኮ ነው ሥራዬ።

ለማልቀስ መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ ሳላለቅስ ወጣሁ። አምሽቼ እሠራለሁ። እቆርጠዋለሁ፤ አሳያቸዋለሁ።

ዓርብ

ሲመሻሽ ጋሼ ደፉ ላይ ተደናቅፎ ወደቀ። የገዛ ራሱ የሠራው በር፣ የገዛ ራሱ ደፍ። መብራቱ በርቶ እያለ «አብሩልኝ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ጮኾብን አያውቅም። እትዬና እኔ ተያየን።

ወጥ ቤት ውስጥ እትዬ ክንዴን ያዘችኝ። «ቀኝ ዓይኑን አይተሽዋል? ጥቁሩ እንደፈጠጠ ነው የሚውለው፤ ፀሐይ ላይም። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ‹እሷ ሥራዋን ትጨርስ፣ ሐሳብ አትጨምሩባት› ይለኛል። አንቺ ብትነግሪው ይሰማሻል። ሳይቃጠል በቅጠል።»

«እነግረዋለሁ» አልኳት።

ቅዳሜ

ነገርኩት። መጀመሪያ በስልኬ መብራት ዓይኑን አየሁት። የግራው ጥቁር መብራቱ ሲነካው ጥብብ አለ። የቀኙ ዝም። ደግሜ አበራሁ። ዝም። ቀለሙም ከግራው ይለያል፤ ዝናብ ላይ የከረመ ሚስማር ይመስላል።

«ምን ታያለህ በዚህኛው?»

«አንቺን።»

«ጋሼ!»

«አንቺን፤ በጭስ ውስጥ።»

ሰኞ ትልቁ መስታወት የሚቆረጥበት ቀን ነው፤ ማሽኑን በልመና ነው ያገኘሁት። ማክሰኞ እንሄዳለን ተባባልን። እሱ ነው ማክሰኞ ያለው። እኔም እሺ አልኩ። ሁለት ቀን ምን ይለውጣል? ይህን ያህል ከከረመ።

ይህን ያህል ከከረመ ምን ማለቴ ነው? ከመቼ ጀምሮ?

ሰኞ

ተቆረጠ። ልክ ነበርኩ። ከላይ ሲታይ ነጥብ የማታህል፣ አበባ እንኳ ያላበቀለች አንዲት ጠባሳ ነበረች፤ መድፈኛው «ይቺን እንተዋት» ብሏት ነበር። ከጎን ስትታይ ስንጥቋ የመስታወቱን ግማሽ ወርዳለች። አለቃችን ተጠርተው መጡ፤ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። «ከላይ ምንም የላትም እኮ» አሉ።

ከላይ ምንም የላትም፤ እንደ ጋሼ ዓይን። ማቀፊያው የተሠራበት ቅዳሜ ትዝ አለኝ። መሮው። አናቱ በመዶሻ ብዛት ዙሪያውን ተፈልቅቆ እንደ እንጉዳይ የተንሰራፋው ያ አሮጌ መሮ። ብረት በብረት ሲመታ ምን እንደሚፈናጠር ከዚህ ቤት ሁሉ የማውቀው እኔ ነኝ።

«መሄድ አለብኝ» አልኩ።

አለቃችን «አሁን? ፎቶው ሳይነሳ?» አሉ። ወጣሁ። ዝናብ። ጃንጥላዬን ረሳሁ።

ጋሼ በር እየበየደ ነበር። «ነገ አልተባባልንም?» አለኝ። እጁን ይዤ ጎተትኩት።

ማክሰኞ፣ ሐኪም ቤት፣ ኮሪደር ላይ

ትናንት ሲመሽ ደርሰን «ነገ በጠዋት» አሉን። ዛሬ ዓይኑ ራጅ ተነሳ። ፎቶው ላይ፣ በዓይኑ ኳስ ከኋላ በኩል፣ አንዲት ነጭ ነጥብ። ሐኪሟ በእስክሪብቶዋ ጫፍ አሳየችን። ብረት ናት። ስትገባ ቀዳዳዋ ወዲያው ስለተዘጋ ሕመሙ አልቆየም። ገብታ ቀረች፤ ውስጥ ሆና ዛገች። ዝገቱ ነው ዓይኑን የበላው።

ሐኪሟ ጠየቀችው፣ «ብረት ሲቀጠቅጡ መነጽር አድርገው ነበር?»

«ቤት ረስቼው» አለ ጋሼ።

ዓይን ያወጣ ውሸት። ዓይን ያወጣ አልኩ? ብዕሬ ራሱ የሚጽፈውን አያውቅም።

ሐኪሟ «ምነው አባቴ!» ብላ ራሷን ነቀነቀች። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ጫማዬን አየሁ።

ማክሰኞ ማታ

እትዬ ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ሁሉን ነገርኳት፤ ነጥቧን፣ ዝገቱን፣ ቀዶ ሕክምናው ኃሙስ መሆኑን። አንዱን ብቻ ዘልዬ። ሰምታኝ ስታበቃ፣

«መነጽሩን ቤት ረሳሁት አለ?» ብላ ጠየቀች።

«አዎ።»

«መነጽሩ ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ያን ቀን የት እንደነበረ ግን አውቃለሁ። አፍንጫሽ ላይ አይቼዋለሁ።»

አጠገባችን የተቀመጡት ሴትዮ እንዳልሰሙ ለመምሰል ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«አሁን ተነሺና ውኃ አምጪልኝ» አለች እትዬ።

አመጣሁላት። ጠጣችው። ከዚያ በኋላ እስካሁን አላናገረችኝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እኔ ግን እሱንም አልጮኽኩም፤ የጮኸችው እሷ ናት።

ረቡዕ

አለቃችን ደወሉ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «ፎቶውን መድፈኛውና እኔ አንስተነዋል። ውጤቱ ላይ ይገባል። መስታወቱ ይወፍር ብለን እንጽፋለን» አሉ። ከዚያ፣ «ወንድምሽ እንዴት ነው?» አሉኝ። ክረምቱን ሙሉ ይህን ስልክ ስጠብቅ ነበር፤ መጣ፤ ደስታው ግን የሌላ ሰው ሆኖ አለፈኝ። አመስግኜ ዘጋሁ።

ረቡዕ ማታ፣ ከሆስፒታል ስመለስ

እትዬ ልብስ ልታመጣ ስትወጣ ከጋሼ ጋር ብቻችንን ቀረን። ነገ ጠዋት ስለሚገባ ምንም እንዳይቀምስ ተነግሮታል፤ በዚያ ተናዷል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ለሐኪሟ ለምን ዋሸህ?»

«ምን ዋሸሁ?»

«መነጽሩን አድርጌው የነበርኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ? እኔ አይደለሁ ያደረግኩልሽ? ከኋላ ያጠበቅኩት እኔ አይደለሁ?»

«አንተስ?»

«አንድ ነበራ።»

ይህን ያለው ሰዓት ስንት ነው ቢባል እንደሚመልስ ሆኖ ነው። ከዚያ ትራሱን አስተካከለ። እኔ ማልቀስ ስጀምር፣ «ተይ፣ ተይ፣ የጎረቤት አልጋ ይሰማል» አለኝ፤ ቆየት ብሎ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፈርቻለሁ» አለ። ከእሱ አፍ ይህን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ወላጆቻችን የሞቱ ጊዜ እንኳ አላለውም። እጁን ያዝኩ። መዳፉ እንደ ሞረድ ነው።

ልጅ ሆኜ ቢሆን «አይዞህ» እለው ነበር። እትዬ እስክትመለስ እንደያዝኩት ቆየሁ። ስትመለስ እጃችንን አየች። የያዘችውን ልብስ አስቀምጣ በሌላኛው በኩል ተቀመጠች።

ኃሙስ

ገባ። ወጣ። ቅንጣቷን በማግኔት አወጧት። ሐኪሟ በትንሽ ብልቃጥ አምጥታ አሳየችን፤ ብልቃጡን ዘንበል ካላደረጉት አትታይም። እትዬ «ይቺ ናት?» አለች። ደግማ «ይቺ?» አለች። ከዚያ ሳቅ ጀመራት፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ እኔ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። ትከሻዬ ላይ ነው የተደገፈችው።

ሌላ እሑድ

ፋሻው ተነሳ። በቀኙ ብርሃንና ጥላ ይለያል፤ ጣት ሲወዛወዝ ያውቃል፤ ፊት አያውቅም። ሐኪሟ ከዚህ በላይ ብዙ አትጠብቁ አለች። ከዚህ ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብዬ ልጠይቃት አፌን ስከፍት እትዬ እግሬን ረገጠችኝ። አልጠየቅኩም። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ጋሼ ፊት እንዲባል ግን አልፈልግም።

ማክሰኞ

ጋሼ ወደ ብረት ቤቱ ተመለሰ። በአንድ ዓይን ርቀት መለካት ያስቸግራል፤ መዶሻው ከሚስማሩ ቀድሞ ጣቱ ላይ ያርፋል። ዛሬ አውራ ጣቱ አብጦ መጣ። «ይለመዳል» አለ። እትዬ መነጽር ገዝታ በር ላይ ሰቅላለች፤ ብዙ። አንዱን ለደንበኛ፣ አንዱን ለአላፊ አግዳሚ። ሳያደርግ ከተገኘ ምሳ የለም ብላለች፤ ቀልድ አይመስልም።

ማታ ማታ አሁን አምሽቼ አልሠራም። ሥራ ስላለቀ ነው እላለሁ።

ቅዳሜ

ዝናቡ ቆሟል። ጋሼ ቁርስ ላይ ድንገት፣ «ያን መድፋችሁን አሳዪኝ እስቲ» አለ። ስንት ዓመት ስሠራበት መጥቶ አያውቅም፤ ና ብዬውም አላውቅም።

ወሰድኩት። መድፈኛው ደንግጦ ወንበር አቀረበለት። ጋሼ ግን አልተቀመጠም፤ በቱቦው ርዝመት ልክ እየዳሰሰ ሄደ፤ ብየዳውን በጣቱ ፈተሸ፤ «ይሄ የማን እጅ ነው? ጥሩ እጅ ነው» አለ። የራሱን ማቀፊያ ሲያገኝ መታ መታ አደረገው።

ከዚያ ያችን የተቆረጠች መስታወት በአሮጌው ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባሁለት። በአንድ ዓይን የሚታይበት ዓይነት ነው። ጎንበስ አለና ቀኝ ዓይኑን አስጠጋ። የለመደው በእሱ ማየት ነው። ትንሽ ቆየ። «ጨለማ ነው» አለ። ራሱ ገባውና ዓይኑን ቀየረ።

«ለዚህስ አንድ ዓይን ይበቃል» አለ።

ለረጅም ጊዜ አልተነሳም። ጉድጓዱን፣ አበባውን፣ ወደ ታች የወረደውን ስንጥቅ ተራ በተራ ነገርኩት። እንዲህ ስለ ሥራዬ ሳወራው የመጀመሪያዬ ነው፤ ማውራት ማለቴ እሱ እየጠየቀ፣ እኔ እየመለስኩ። «ቅንጣቷስ የታለች?» አለ። ቀልጣ ጠፍታለች አልኩት። «አያ! የኔዋ ቤት ሠርታ ተቀመጠች። ስንት ትሮጥ ነበር የኔዋ?»

«ከእነዚህ ጋር ስትወዳደር ኤሊ ናት።»

«በኤሊ ተመታሁ በይኛ!» አለ። መድፈኛው ሳቁን ሊውጥ ሲል አነቀው፤ ጋሼ ራሱ ጀርባውን መታ መታ አደረገለት።

በእግራችን ተመለስን። ስንወጣ በቀኙ በኩል ዞሬ ሄድኩ። አየኝ፤ ለምን አላለኝም። መኪና ከሚበዛበት ማቋረጫ ስንደርስ እጄን ጠበቅ አድርጎ ያዘኝ። እኔን ሊያሻግረኝ ይሁን እሱ ሊሻገር፣ አልጠየቅኩትም። ተሻገርን።